በእንድሪስ ስም የተቀዳው ደም

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። አባቴ «ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር» እያለ አሳደገኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ላቤራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር መኖሬ ደግሞ አባሰብኝ። ባለቤቴ «አስካለ ከቧንቧ የወረደ ውሃ እንኳ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ አትጠጣም» እያለ ይስቅብኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቆቦን አይታችሁ የማታውቁ ምናልባትም የማታዩ አንባቢዎች፣ ክፉ ነገር ስናገር ግማሹን ለጠባዬ እንድትቀንሱልኝ ነው። በጎ ነገር ስናገር ግን እንዳለ ውሰዱት።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። የምሠራበት ላቤራቶሪ የትልቁ አንጀት ካንሰር የያዛቸውን፣ በሽታውም ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸውን ሰዎች ያጠናል። እንዲህ ካሉት መካከል አንዱ በወራት ይሸነፋል፤ ሌላው ዓመታት ይቆያል። ማንኛው ማን እንደሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ ይቸግረዋል። የጥናቱ መሪ ዶክተር ናሆም፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ቀልጣፋ ሰው፣ ፍንጩ ደም ውስጥ ካለ አንድ አር ኤን ኤ ሊገኝ ይችላል ይላል። በትምህርት ቤት የተማርነው አር ኤን ኤ ከዘረመል መልእክት ተቀብሎ ፕሮቲን የሚያሠራውን ነው። ምንም ፕሮቲን የማይሠሩም አሉ፤ ድሮ ትርፍ ናቸው ይባሉ ነበር። ድግስ ቤት ወጥ የማይሠራ፣ ሽንኩርት የማይከትፍ፣ ግን ማን ምን ይሥራ እያለ የሚያዝ ሰው አለ አይደል? እነሱም እንደዚያ ናቸው። እኛ የምንከታተለው አንዱን ነው። ደም ውስጥ ዝቅ ሲል በሽታው የሚዘገይ፣ ከፍ ሲል የሚፈጥን ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት፤ ገና አላረጋገጥንም።

ከዋጃ ወጣ ብላ ካለች መንደር ጋሽ እንድሪስ ሙሄ የሚባሉ ገበሬ አዲስ አበባ መጥተው አንጀታቸው ላይ የነበረው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ጉበታቸው ላይም ስለተገኘ መድኃኒት ታዞላቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከሕክምናው በፊት የሰጡት ደም ዝቅ ያለ ቁጥር ነበረው። ከወራት በኋላ ቆቦ ባለች ነርስ በኩል ተቀድቶ የተላከልን ሁለተኛው ግን ከጥናቱ ሰዎች ሁሉ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ናሆም «በሽታው ገንፍሏል፤ መድኃኒቱን ላዘዘላቸው ሐኪም እንንገረው» አለ። ስልክ ቢደወል ጋሽ እንድሪስ ወፍ ሲጠብቁ ውለዋል ተባለ።

እኔ ጠረጠርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መንገዱን ነው። ደም በሙቀት ሲንገላታ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ቁጥሩም በሐሰት ይጨምራል። እንዲያ ሲሆን ግን ፈሳሹ ይቀላል፤ የዚህ ብልቃጥ ፈሳሽ እንደ ገለባ ቢጫ ነበር። ቀጥዬ ከሁለቱም ብልቃጦች በተረፈው ጠብታ የደም ዓይነት አየሁ። የመጀመሪያው ኦ፣ ሁለተኛው ቢ ሆኖ ወጣ። ሰው ሃይማኖቱን ሊቀይር ይችላል፤ የደም ዓይነቱን ግን አይቀይርም።

«ምናልባት እዚያ ደም ተሰጥቷቸው ይሆን?» አለ ዶክተር ናሆም።

«ኦ ለሆነ ሰው ቢ ደም ቢሰጡት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቀብሩ ነበር» አልኩት።

ስለዚህ በእንድሪስ ስም የተላከው ደም የሌላ ሰው ነው። የማን? የነርሷን ስም አነበብኩ፤ ሙና ይላል። በዚያ ሙቀት እስከ ገጠር መሄድ ሰልችቷት ካገኘችው ሰው ወይም ከራሷ ክንድ ቀድታ ልካ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ ሰምቼ አውቃለሁ። «ድጋሚ ደም ልቀዳ እመጣለሁ» ብቻ አልኳት እንጂ የደረስኩበትን አልነገርኳትም። ደሙ ከማን እንደተቀዳ ካላወቅን ጋሽ እንድሪስ ባልባሰባቸው በሽታ ባሰብዎት ሊባሉ ነው።

እሑድ ማለዳ ሳይነጋ ከመናኸሪያ ተነሳን። የኮተቤ የኅዳር ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ እኔም ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ አይስ ቦክሴን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ይህ ሰማያዊ ሳጥን ከእኔ ይልቅ ታዋቂ ሆነ። በየኬላው «ውረዱ» እንባላለን፤ ወንዱም ሴቱም ይፈተሻል፤ የሁሉም ዓይን ግን ሳጥኔ ላይ ነው። አንዱ ፈታሽ ክዳኑን ከፍቶ ባዶ ብልቃጦቹን እያየ «ምን ይገባበታል?» አለኝ። «ደም» ስለው እጁን ሰበሰበ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከዚያ በኋላ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ጣርማበርን ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ሹራቦቼን አወለቅኩ። ሴትዮዋም ለሰለሰችና ብርቱካን ላጠችልኝ። መጠርጠሯን አልተቀየምኩባትም፤ እኔም ብሆን ደም እየሰበሰበች ከምትዞር ሴት አጠገብ አልቀመጥም። ከሚሴ ላይ ምሳ በላን። አስተናጋጁ «የእስላም ነው የክርስቲያን ሥጋ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወሎ መግባቴን አወቅኩ። አዲስ አበባ የእስላም ቤትና የክርስቲያን ቤት ፈልገን እንገባለን፤ እዚህ ባንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወጥ ቤት አለ።

ደሴ ስንደርስ ጨልሟል። የሆቴሉን ሰዎች የሳጥኔን የበረዶ ጥቅሎች ፍሪዘር ውስጥ እንዲያሳድሩልኝ ለምኜ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት ብሄድ ፍሪዘሩ ውስጥ የሉም። ተሰረቅኩ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ወጥ ሠሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። «ኧረ አብሽሩ! እንዴት ይጠፋል? የክርስቲያኑ ሥጋ በዚህ ነው፣ የእስላሙ በዚያ። የርስዎ የደም ነው ሲሉን ወዴት እንደሚመደብ ቢቸግረን ከጎረቤት ፍሪዘር አሳደርነው።» በፎጣ ተጠቅልለው፣ ድንጋይ መስለው መጡልኝ። አፍሬ የሻይ ግብዣዋን እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ሄድን። እዚያ መናኸሪያ ውስጥ ሰው ሰላም ከተባባለ በኋላ የሚጠይቀው «መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው?» ብሎ ነው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ታክሲ ሰልፍ እንደምናወራው እነሱ ስለ መንገዱ ያወራሉ። አንዱ ክፍት ነው ይላል፤ ሌላው ትናንት ተዘግቶ ነበር ይላል፤ ሾፌሩ ሁለቱንም ሰምቶ ለብቻው ስልክ ይደውላል። ረፋዱ ላይ ተነሳን። ጎብዬ ለሻይ ቆምን፤ ሮቢትን አለፍን። እዚያ አጠገቤ የነበረው ጎልማሳ «ያኛው የሸዋው ነው፣ ይኼ የኛው ነው» ብሎ ሁለቱን ሮቢት እንዳላምታታ አስጠነቀቀኝ። ሜዳው እስከ ተራራው ግርጌ ማሽላ ነው፤ ራሱ ቀልቶ አንገቱን የደፋ ማሽላ።

ሙና ቆቦ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ወጣት ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ሳጥኔን ከእጄ ነጥቃ «እንኳን ደህና መጡ እትዬ!» አለችኝ። ሆቴል መያዜን ስነግራት ቆጣ አለች። «እኔ እያለሁ? ምን በደልኩዎት? እንግዳ ሆቴል ሲያድር ጎረቤቱ ምን ይለኛል?» ሆቴሉን ራሷ ደውላ ሰረዘችው። እኔ ግን በሆዴ፣ ሰው ካልፈራ እንዲህ አይንከባከብም አልኩ።

ባሏ ሾፌር ነው፤ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ነበር። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ እሷ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈች፤ አንዷን ቬንትሌተር ወደ እኔ አዞረች። ራት የማሽላ እንጀራ በምስር አቀረበች። የማሽላ እንጀራ ለለመደው ጣፋጭ ነው፤ ለእኔ ለጤፍ ልጅ ግን ትንሽ ደረቅ አለብኝ። ሙና አይታኝ ወጡን ጨመረችልኝ። እኔም እየጎረስኩ ወሬ አስመስዬ «የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ኤ» አለች ሳታቅማማ። «ምነው፣ ሊወስዱልኝ ነው?» ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጎዳል። ደም በመለገሷ የተሰጣትንም ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ ኤ ይላል። የራሷ አይደለም ማለት ነው። እንግዲያው ከሌላ ሰው ቀድታ ይሆናል አልኩ። ጥርጣሬዬ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ማክሰኞ በባጃጅ ወደ ዋጃ ሄድን፤ ከአስፋልቱ ወርደን በማሽላው መሃል በእግር ገባን። ሳጥኑን ሙና ተሸከመች። መንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎች ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጤናው እየጠየቁ ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ ያርፋል። አንዲት ባልቴት ግን አልተጨነቁም። «ባለፈው የወሰዳችሁት ደም የት ደረሰ? ሸጣችሁት ነው የሚባለው» አሉ። «የሚገዛን አጣን» አልኳቸው። «እሱስ፣ የኛ ደም ውድ ነው» ብለው አለፉ።

ደጁ ላይ የተቀበለን የጋሽ እንድሪስ ታናሽ ወንድም ሰይድ ነው። ረጅም ሰው፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሽርጡን በቆዳ ቀበቶ አጥብቆ ቆሟል። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ፤ ጫፉም ተርፎ ተንጠልጥሏል። ሰላምታችንን መለሰና ሳጥኑን እያየ «ደግሞ መጣችሁ?» አለ። ሙናን ከዚህ በፊት ያያት መሰለኝ፤ እሷም ትክ ብላ ስታየው ነበር። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልብ አልኩ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ጋሽ እንድሪስ ከወፍ መጠበቂያው ማማ ወርደው መጡ። ከስተዋል፤ ነገር ግን እርምጃቸው የጤነኛ ሰው እርምጃ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሆዳቸው ላይ የተወላቸውን የሰገራ ከረጢት በሸሚዛቸው ሸፍነዋል። ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር የጠፍር አልጋ ወጣልን፤ የተጠበሰ እሸት ማሽላና ወተት ቀረበ። ባለቤታቸው ገባ ስትል ጋሽ እንድሪስ ወደ ጆሮዬ ቀረቡ። «ይኸውልሽ እህቴ፣ እነሱ የበሽታዬን ስም አያውቅም ብለው ይደብቁኛል። እኔ ደሞ እንደማውቅ እደብቃቸዋለሁ። እንዲህ ተደባብቀን አልሐምዱሊላህ ይኸው ዓመት ሞላን።» ሳቅኩ፤ እኚህን ሰው አለመውደድ አልቻልኩም።

ሰይድ እሸቱን አልነካም። ወተቱንም ወደ እኔ ገፋው። ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይሄዳል። የሚሸሸኝ ነገር አለ ብዬ ዓይኔን ከሱ አላነሳሁም።

የጋሽ እንድሪስን ክንድ አስሬ መርፌውን ስፈታ ሰይድ ከጓሮ ብቅ አለ። «ቆይ! ቆይ!» ብሎ በፍጥነት መጥቶ በመካከላችን ተቀመጠ፤ እጅጌውንም ሰበሰበ። «እሱ ደም የለውም። እንዳለፈው ከእኔ ይውሰዱ።»

ሙና የያዘችው ጥጥ ከእጇ ወደቀ። «እንዳለፈው?»

«አይዋ። አንቺ አይደለሽ የቀዳሽኝ? ያኔ እሱ ውስጥ ተኝቶ ነበር።»

«ስምህን ስጠይቅህ "እንድሪስ ሙሄ" አላልከኝም? ጋቢ ተከናንበህ፣ አሞኛል ብለህ! እኔ ለቦታው አዲስ ነበርኩ፣ ማንንም አላውቅ!»

ሰይድ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። «እንድሪስ የት ነው ብለሽ መጣሽ፤ እኔ ቆምኩልሽ። ለስብሰባ ሲጠሩት እኔ እሄዳለሁ። ሽማግሌ ሲቀመጥ በሱ ቦታ እቀመጣለሁ። ለቅሶም እደርስለታለሁ። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉት ሲሉ የዘመድ ደም አምጡ ተባልን፤ ክንዴን ሰጠሁ፣ ጎበዝ ተባልኩ። እዚህስ ምን ለየው? አንድ ጡት የጠባን ነን። ከታመመው ሰውዬ ደም ከምትመጥጡ ከደህናው ብትወስዱ ምን ትጎዳላችሁ?»

ጋሽ እንድሪስ ግንባራቸውን ያዙ። «ወላሂ አልሰማሁም። አንት ሰውዬ፣ ደሜን ሳይቀር ትሰጥልኛለህ?» አሉና ሳቁ። ባለቤታቸው ሳቀች። ሙናም ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች። ለማረጋገጥ የሁለቱንም ጣት ወግቼ ከቦርሳዬ ባወጣሁት መመርመሪያ ፈሳሽ የደማቸውን ዓይነት አየሁ፤ ጋሽ እንድሪስ ኦ፣ ሰይድ ቢ። ከአዲስ አበባ ጀምሬ ያዘልኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬ ተመነጠርኩ። ሙናን እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት። «ስለ ደሜ ዓይነት ሲጠይቁኝ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ፤ «ራትዎን ግን ሳይጨርሱ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

እኔም የጋሽ እንድሪስን ደም ቀዳሁ። ብልቃጡን ዘግቼ ስማቸውን እየጻፍኩ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ከሁሉ በላይ የሆነ ቁጥር የጋሽ እንድሪስ ካልሆነ የማን ነው? ቀና ብዬ ሰይድን አየሁት። ያልበላውን እሸት አየሁ። ቀበቶውን አየሁ። ወደ ጓሮ ሲመላለስ የሚሸሸው እኔን አልነበረም።

አንድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። ያ አር ኤን ኤ በሌላ ሕመምም ከፍ ሊል ይችላል፤ የእኛም መለኪያ በሽታው ለታወቀ ሰው እንጂ በሽታ ለመፈለጊያ የተሠራ አይደለም። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ግን ማሽላው ዳር ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። ክብደት ቀንሰሃል ወይ? ስትቀመጥ ደም ታያለህ ወይ?

ፊቱ ተዘጋ። «ማን ነገረዎት?»

«ደምህ።»

«ደም ይናገራል?»

«አንዳንዴ ያጉረመርማል። በደንብ አይሰማም። ለዚህ ነው አንተን የምጠይቅህ።»

«ኪንታሮት ነው» አለ። «ሥር አለ፣ እየቀባሁት ነው። ደግሞ እናንተ ከየት አምጥታችሁ ነው የሰው ምስጢር የምታዩት? በወንድሜ ስም የሰጠሁትን በእኔ ላይ ታወጡታላችሁ?» ዱላውን አነሳና በማሽላው መሃል ሄደ። እውነቱን ነው። ለራሱ አልሰጠንም፤ እንድናይለትም አልጠየቀን። ግን አይተናል፤ እንዳላየ ሆኖ መመለስ የምችል ሴት አይደለሁም።

ለዶክተር ናሆም ደወልኩ። በጣም ደስ አለው። «እሰይ! እንግዲያው ያን ናሙና ከጥናቱ እናስወጣዋለን» አለ።

«ናሙናውን አስወጣው። ሰውየውንስ ከየት ነው የምናስወጣው?» አልኩት። እሱም ደሴ ሆስፒታል አብሮት የተማረ ሐኪም እንዳለ፣ በካሜራ አንጀት እንደሚያይ ነገረኝ፤ እዚያው ደውሎም ሐሙስ እንዲቀበለን አደረገ። ስለዚህ ልጅ ከዚህ በፊት የተናገርኩትን ግማሹን ቀንሱልኝ።

የዚያን ቀን ሙና ወደ ሥራዋ ስትመለስ የጋሽ እንድሪስን ደም ከሳጥኑ ጋር ላክሁባት፤ እሷ ጋ አጣርታ ታቀዘቅዘዋለች። እኔ አልሄድም አልኩ። ጋሽ እንድሪስ ምክንያቴን ሳይጠይቁ አልጋ አስወጡልኝ፤ ባለቤታቸው ገንዳ ሙሉ ውሃ አቅርባ እግሬን ካላጠብኩ አለች። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥን እንከፍትለታለን። ሰይድ ለራት አልመጣም። እኔም ማሽላው ዳር ለብቻው የነገርኩትን በልቤ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ለወንድሙም ቢሆን ምስጢሩን የማውጣት መብት አልነበረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ማማው ሥር ተቀምጬ ሳለ ሰይድ መጣ። እኔን አልፎ ወደ ወንድሙ አየ። «ወፉን እኔ ልጠብቅ፤ ውረድ» አለ።

ጋሽ እንድሪስ አልወረዱም። ወንጭፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ከላይ ሆነው ተናገሩ። «ይቺ ሴትዮ ደሜን ወስዳ ጨርሳለች። የቀረችው ለኔ አይደለም። ምን አገኘችብህ?»

«ምንም።»

«ስማ፣ ሰው ሲደብቅ እኔ አውቃለሁ፤ ዓመት ሙሉ ደብቄያለሁ። ወደ ጓሮ ስትመላለስ ከዚህ ሆኜ አላይህም? የኔስ እንዲሁ አልነበር የጀመረኝ? እኔም ኪንታሮት ነው አላልኩም? ያኔ ደሴ ሂድ ያልከኝ አንተ ነህ፤ እምቢ ብዬ አንድ ክረምት አሳለፍኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ሰይድ መሬቱን በዱላው ጫረ። «ላንተ ብዬ ነው። እኔም ታመምኩ ብል የራስህን ትተህ በእኔ ልትጨነቅ ነው። ሁለታችን ከተኛን ማሽላውን ማን ይጠብቃል?»

«ወፍ ይብላው።»

ወፎቹ እውነትም ፈቃድ ያገኙ ይመስል ማሽላው ላይ ሰፈሩ፤ ጋሽ እንድሪስም ዞር ብለው አላዩአቸውም።

«ስብሰባውን ሄድክልኝ» አሉ። «ለሽማግሌው ቆምክልኝ። ደሜንም ሰጠህልኝ። ይህን አንዱን ግን እኔ ልቆምልህ አልቻልኩም። ብችል ወላሂ ዛሬ እሳፈር ነበር። የኔን አንጀት እንደሆነ ከፍተው አይተውታል፤ ባንተ ፋንታ ምን ያዩበታል?» ከዚያ አለቀሱ። አንድ ትልቅ ሰው ማማ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ከታች ሆኖ ማየት ከባድ ነው። እኔም አለቀስኩ።

ሰይድ መሰላሉን ይዞ ወንድሙን አወረደ። «መቼ ነው መኪናው?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነው።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሦስታችንም ተሳፈርን። ጋሽ እንድሪስ ይቅርብዎት ብንላቸው አልሰሙንም። ሙና ቆቦ ላይ መኪናውን አስቁማ ሳጥኔን፣ በዚያም ላይ የተጠቀለለ የጤፍ እንጀራ ሰጠችኝ። «የማሽላውን እንዳልወደዱት አይቻለሁ» አለች። እስከ ወልድያ ድረስ ያን እያሰብኩ ሄድኩ። በኬላው ሳጥኑን ሲከፍቱ ሰይድ ከእኔ ቀድሞ «የወንድሜ ደም ነው፣ ቀስ በሉ» ይላቸው ነበር።

በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በሰይድ አንጀት ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል። ጉበቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ይህን ስጽፍ እያገገመ ነው። የጋሽ እንድሪስ አዲሱ ቁጥር እንደ መጀመሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ እኔም አር ኤን ኤውም አናውቅም። ያ ቁጥር ሰይድን አዳነው ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ተሳስቶ የገባ ደም ነበር፤ እኛ ያደረግነው የማን ነው ብለን መጠየቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ጉዞ የቀረልኝ ግን የደሴው መዝጋቢ መስኮት ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ቀና ብላ ሁለት የከሱ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አየች። ከረጢቱ ያለባቸውን፣ ዱላ የተመረኮዙትን ጋሽ እንድሪስን እያየች «ታማሚው እኚህ ናቸው?» አለች። ጋሽ እንድሪስ አፋቸውን ከፈቱ። ሰይድ ክንዳቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ አደረጋቸውና ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ስም?» አለች።

ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ሰይድ» አለ። «ሰይድ ሙሄ።»